ኦክሲጅን፣ አንጀትና የእርጎ ባክቴሪያ፤ የአንድ ተስፋ ታሪክ

በ1861 ሉዊ ፓስተር የተበላሸ ቅቤ ሽታ የሚሰጠውን የቢዩቲሪክ አሲድ መብላላት ሲመረምሩ ሳለ አንዲት ትንሽ ነገር ዓይናቸውን ያዘችው። ከሚብላላው ፈሳሽ አንድ ጠብታ ወስደው በሁለት ቀጫጭን መስተዋቶች መካከል አድርገው በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በጠብታው መካከል የሚገኙት ባክቴሪያዎች ወዲያና ወዲህ ይዋኛሉ፤ አየር በሚነካው በጠብታው ዳርቻ ያሉት ግን ፀጥ ብለው ቆመዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አየር የሕይወት ሁሉ መሠረት እንደ ሆነ ሲታመን ኖሮ፣ ለእነዚህ ረቂቃን ፍጥረታት ግን መርዝ ሆኖ ተገኘ። ፓስተርም ባክቴሪያዎችን አየር የሚሹና አየር የሚሸሹ ብለው በሁለት ከፈሏቸው። ኦክሲጅን የሚሸሹትን ስለ ምን እንደሚገድላቸው ግን አልተናገሩም። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ እስኪገኝ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ የጥንት ጥያቄ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ደርሷል። ፕሮባዮቲክ የሚል ስም ተሰጥቷቸው በእንክብልና በዱቄት መልክ የሚሸጡ ሕያዋን ባክቴሪያዎች ከሚነገርላቸው በጎ ሥራ አንዱ፣ የአንጀትን የውስጥ ገበር ከኦክሲጅን ጥቃት ይጠብቃሉ የሚለው ነው። ነገሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ማስረጃና በሕሙም አልጋ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ሐሳቡ የመጣበትን መንገድ ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል።

የመንገዱ ጀማሪ ኢልያ መቸኒኮፍ ናቸው። በ1845 በካርኮፍ አካባቢ የተወለዱት እኒህ ሊቅ፣ በ1882 በኢጣሊያ አገር በመሲና ከተማ ተቀምጠው ሳለ ከግቢያቸው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጠው፣ አካሉ እንደ መስተዋት በሚያሳይ የባሕር ኮከብ ጫጩት ገላ ውስጥ ወጉት። በማግስቱም ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኙ። ባዕድ ነገርን ከብበው የሚውጡትን እነዚህን ሕዋሳት ፋጎሳይት፣ ማለትም በላዔ ሕዋሳት፣ አሏቸው። በ1888 ወደ ፓሪስ ተጉዘው ፓስተር ባቋቋሙት ተቋም ሥራ ጀመሩ፤ በ1908ም ከጳውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

መቸኒኮፍ በእርጅና ዘመናቸው ልባቸውን የሳበው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሰው የሚያረጀው፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ አብስባሽ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት መርዝ ወደ ደም እየገባ ሰውነቱን ስለሚያደክመው ነው ብለው አመኑ። በዚያን ዘመን ይህን ሐሳብ የተቀበሉ ብዙዎች ነበሩ። ለንደን ውስጥ አርበትኖት ሌን የተባሉት ዕውቅ ቀዶ ጠጋኝ፣ የሆድ ድርቀት ያስቸገራቸውን ሰዎች ትልቁን አንጀታቸውን ቆርጠው እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። መቸኒኮፍ ቢላዋ አላነሡም፤ መድኃኒቱን ከወተት ዕቃ ፈለጉ። ስታመን ግሪጎሮፍ የተባሉ ወጣት ቡልጋሪያዊ ሐኪም በ1905 ጄኔቭ ላይ ሲማሩ የአገራቸውን እርጎ መርምረው፣ ወተቱን የሚያረጋውን ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ለይተው አውጥተው ነበር። መቸኒኮፍም ይህ ባክቴሪያ በሚሠራው ላክቲክ አሲድ አብስባሾቹን ከአንጀት ያስወጣል ብለው ገመቱ። ራሳቸውም የረጋ ወተት ያዘወትሩ ጀመር። በ1907 ባሳተሙት መጽሐፍ የቡልጋሪያ ገበሬዎችን ዕድሜ ርዝመት ከእርጎ ጋር አያያዙት። የተወለደበትን ቀን በጽሑፍ ያልያዘ ገበሬ መቶ ዓመት ሞልቶኛል ቢል ማስረጃው ምን ያህል እንደሚጸና ማንም ሊገምት ይችላል፤ ጋዜጦች ግን ይህን አልጠየቁም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የቡልጋሪያ ባክቴሪያ አለበት የተባለ ወተትና እንክብል በፓሪስና በለንደን ገበያ ተቸበቸበ። ሊቁ በ1916 በ71 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ያ ሁሉ ወሬ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ማለፍ የማይገባው ነገር አለ። መቸኒኮፍ በአንድ እጃቸው በላዔ ሕዋሳትን፣ በሌላ እጃቸው የእርጎ ባክቴሪያን ይዘው ነበር፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ግን አላዩትም። በላዔ ሕዋሳት የሚገድሉት በኦክሲጅን ነው። የዚህ ፍንጭ በመጀመሪያ የታየው በ1933 ሲሆን፣ ባልድሪጅና ጄራርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ በሚውጡበት ጊዜ የሚስቡት የኦክሲጅን መጠን በድንገት እንደሚጨምር ለክተው ገለጡ። በ1973 ደግሞ ባቢየርና ባልደረቦቻቸው ያ ኦክሲጅን ሱፐርኦክሳይድ ወደሚባል አጥቂ ቅርጽ እንደሚለወጥ አሳዩ። አንጀት በሚቆጣበት ጊዜ በገበሩ ውስጥ የሚሰበሰቡት እነዚሁ ሕዋሳት፣ ለባክቴሪያ ያዘጋጁትን መሣሪያ በቤቱ ባለቤትም ላይ ይተኩሱታል ማለት ነው።

ከመቸኒኮፍ በኋላ የነበሩት ሃምሳ ዓመታት በአጭሩ ሊታለፉ ይችላሉ። የፓስተር ተቋም ባልደረባ የነበሩት ሄንሪ ቲሲየር ከምዕተ ዓመቱ መለወጫ በፊት ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ላይ ሹካ መሰል ባክቴሪያ አግኝተው ነበር፤ ዛሬ ቢፊዶባክቴሪያ የሚባለው ነው። በ1921 በየል ዩኒቨርሲቲ ሬትገርና ቼፕሊን ባደረጉት ሰፊ ምርመራ የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ሥር ሰዶ እንደማይኖር አረጋገጡ፤ በምትኩም አሲዶፊለስ የተባለውን አቀረቡ። በ1930 ጃፓናዊው ሚኖሩ ሺሮታ በኪዮቶ የጨጓራንና የሐሞትን ኃይል የሚቋቋም ዝርያ መርጠው አወጡ፤ በ1935ም በትንንሽ ጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። የእነዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነበር፤ የትኛው ባክቴሪያ ከአንጀት ይደርሳል፣ ደርሶስ ይኖራል? የኦክሲጅን ነገር ግን ለማንም ትዝ አላለም።

ከአንድ ሰው በስተቀር። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ጄምስ ማክሊዎድ፣ ከጎርደን ጋር ሆነው በ1922 እና በ1923 ባወጧቸው ጽሑፎች፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አየር ባለበት ሲያድጉ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚያመነጩ አስረዱ። ይህ ቴናር በ1818 ያገኙት፣ ቁስል ለማጠቢያና ጠጉር ለማንጫ የሚያገለግለው ፈሳሽ ነው። አብዛኛው ሕያው ፍጥረት ካታሌዝ በሚባል ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውኃና ኦክሲጅን ይመልሰዋል። አየር የሚሸሹት ባክቴሪያዎች ካታሌዝ የላቸውም፤ ስለዚህ ራሳቸው ባመነጩት መርዝ ይሞታሉ ሲሉ ማክሊዎድ ገመቱ። የፓስተር ጠብታ ምስጢር የተገለጠ መሰለ። ይሁን እንጂ አንድ እንቅፋት ነበረ፤ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም ካታሌዝ የላቸውም፣ እንደዚያም ሆነው አየር ባለበት ዕቃ ውስጥ ያለ ችግር ይራባሉ።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ባልታሰበ አቅጣጫ፣ ከጨረር ጥናት በኩል ተመልሶ መጣ። አርጀንቲናዊቷ ርብቃ ጌርሽማን በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ ኦክሲጅን የሚያደርሰው ጉዳትና የኤክስ ጨረር የሚያደርሰው ጉዳት ምንጫቸው አንድ መሆኑን በ1954 ገለጡ፤ ሁለቱም ነጻ ራዲካል የሚባሉ፣ ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የተሸከሙና ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ሞለኪዩሎችን ይፈጥራሉ። ሁለት ዓመት ቆይተው ዴንሃም ሃርማን እርጅናም ከዚሁ የሚመጣ ነው አሉ። ብዙ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ግን እነዚህ ነገሮች በሕያው ሕዋስ ውስጥ ይኖራሉ የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል አመነቱ።

ማመንታቱ የተቋረጠው በ1969 በሰሜን ካሮላይና፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኧርዊን ፍሪዶቪች ከላም ወተት የሚገኘውን ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ለረጅም ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተው ነበር። ተማሪያቸው ጆ ማኮርድ፣ ይህ ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ እንደሚያመነጭ፣ ከከብት ደም የሚገኝ አንድ ፕሮቲን ደግሞ ያንኑ ሱፐርኦክሳይድ በፍጥነት እንደሚያጠፋ አገኙ። ፕሮቲኑ አዲስ አልነበረም። በ1938 ማንና ኬይሊን መዳብ የተሸከመ ሰማያዊ ፕሮቲን ብለው ለይተው አውጥተውት፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ለሠላሳ ዓመት በመደርደሪያ ላይ የኖረ ነው። ማኮርድና ፍሪዶቪች ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ ብለው ሰየሙት። ሕያው ሕዋስ ሱፐርኦክሳይድን የሚያጠፋ ኢንዛይም ካዘጋጀ፣ ጠላቱ በእርግጥ በውስጡ አለ ማለት ነው።

በ1971 እኒህ ሁለት ሰዎች ከኪል ጋር ሆነው ወደ ፓስተር ጥያቄ ተመለሱ። ባክቴሪያዎችን ከሦስት ወገን ሰብስበው መረመሩ። አየር የሚሹት ዲስሚውቴዝም ካታሌዝም አላቸው፤ አየር የሚሸሹት አንዱም የላቸውም፤ አየር ቢያገኛቸውም ባያገኛቸውም የማይሞቱት ደግሞ ካታሌዝ ባይኖራቸውም ዲስሚውቴዝ አላቸው። ሥርዓቱ አምሮ የተሠራ ግድግዳ ይመስል ነበር፤ ከአንዲት ድንጋይ በስተቀር። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለው ባክቴሪያ ዲስሚውቴዝም ሳይኖረው አየር ባለበት በደስታ ይኖራል። (በ2020 በተደረገው የስም ማሻሻያ ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም ተብሏል፤ በዚህ ጽሑፍ የድሮ ስሙን ይዟል።)

ይህ ባክቴሪያ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ ጋሼ በ1985 ባወጡት ጥናት፣ የጤፍ ሊጥ በሚቦካበት ጊዜ ተከታትለው ከሚነሡት ባክቴሪያዎች መካከል አንዱ ይኸው ፕላንታረም መሆኑ ተመልክቷል። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንቱን ያስቸገረው ፍጡር በየቤቱ ቡሆ ዕቃ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ የኖረ ነበር ማለት ነው።

እንቆቅልሹን የፈቱት በ1981 አርቺባልድና ፍሪዶቪች ናቸው። ፕላንታረም ኢንዛይሙን ከመሥራት ይልቅ ማንጋኒዝ የተባለውን ማዕድን በገዛ አካሉ ውስጥ ያከማቻል፤ ክምችቱም ከ20 ሚሊሞላር በላይ ይደርሳል፤ ይህም በሌሎች ባክቴሪያዎች ዘንድ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነው። ማንጋኒዙ ራሱ፣ ፕሮቲን ሳያስፈልገው፣ ሱፐርኦክሳይድን ያጠፋል። ባክቴሪያው ማንጋኒዝ በተነፈገ ጊዜ አየርን የመቋቋም ኃይሉ ቀነሰ። ሁለት ዓመት ቆይተው ኮኖና ፍሪዶቪች የዚህንኑ ባክቴሪያ ሁለተኛ መሣሪያ አገኙ፤ እንደ ሌሎቹ ብረት ባለው ሄም ላይ ሳይሆን በማንጋኒዝ ላይ የቆመ የካታሌዝ ምትክ ነው። ሀብታም በግንብ የሚከላከለውን ድኻ በድንጋይ ክምር ይከላከለዋል እንደሚባለው ዓይነት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ባክቴሪያው ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። ራሱን የጠበቀ ሁሉ ያሳደረውን ቤት ይጠብቃል ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ብዙ የኋላ ጸሐፊዎች ረስተውታል። እንዲያውም ከላክቶባሲለስ ወገን ብዙዎቹ ማክሊዎድ እንዳዩት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ ጎረቤቶቻቸውን የሚያባርሩበት አንዱ መሣሪያ ይኸው ነው።

አንጀት በኦክሲጅን መጎዳቱ በማያሻማ ሁኔታ የታየው በዚያው በ1981 ነው። ግሬንጀር፣ ሩቲሊና ማኮርድ በድመቶች ቀጭን አንጀት ላይ የሚፈስሰውን ደም ለጥቂት ጊዜ ከቀነሱ በኋላ መልሰው ሲለቁት የአንጀቱ ሥሮች ፈሳሽ ማፍሰስ ያበዛሉ፤ አስቀድሞ ዲስሚውቴዝ ከተሰጣቸው ግን ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። በ1986 ፓርክስና ግሬንጀር ከዚያ የበለጠ አስደናቂ ነገር አሳዩ። ለአራት ሰዓት ሙሉ ደም ከተነፈገ አንጀት ይልቅ፣ ሦስት ሰዓት ተነፍጎ በአራተኛው ሰዓት ደም የተመለሰለት አንጀት ገበሩ ብሶ ተጎዳ። ጉዳቱን ያባባሰው የደሙ መመለስ ነው። ምንጩ ደግሞ በአንጀት ገበር በብዛት የሚገኘው ዛንቲን ኦክሲዴዝ፣ ፍሪዶቪች ከወተት አውጥተው የጀመሩበት ያው ኢንዛይም፣ እንደ ሆነ ተገመተ። በ1985 ጀርመናዊው ሄልሙት ዚስ ባዘጋጁት መጽሐፍ፣ አጥቂው ከተከላካዩ በሚበልጥበት ጊዜ የሚደርሰውን ይህን ሁኔታ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚል ስም ሰጡት፤ ስሙም ጸና።

እንግዲህ ሐሳቡ በገዛ እጁ መጣ። አጥቂው በአንጀት ውስጥ ካለ፣ አጥፊውን የተሸከመ ባክቴሪያም በአፍ ሊሰጥ ከተቻለ፣ ሁለቱን ማገናኘት ነው። በዚህ ረገድ ቀደም ብሎ ከሄዱት አንዱ በኢስቶኒያ የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማሪካ ሚከልሳርና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ ከጤነኛ ኢስቶኒያዊ ሕፃን አንጀት ያገኙት ላክቶባሲለስ ፈርመንተም ኤም ኢ-3 የተባለ ዝርያ፣ ማንጋኒዝ ያለበት ዲስሚውቴዝና ግሉታታዮን የተባለውን የሕዋሳት ዋና ተከላካይ ሞለኪዩል የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱ በ2002 ታተመ። ሌሎች ደግሞ ተፈጥሮ ያልሰጠችውን በምሕንድስና ሰጡት። በፈረንሳይ፣ በአርጀንቲናና በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ዲስሚውቴዝ ወይም ካታሌዝ እንዲሠሩ የተለወጡ የወተት ባክቴሪያዎችን አንጀታቸው ለተቆጣ አይጦች ሲሰጡ የአንጀቱ መቆጣት ቀለል አለ። በአይጥ ላይ፣ ሁሉም ያማረ ነበር።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። በ1994 ፊንላንድ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ሺህ በሚሆኑ አጫሾች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ኦክሲጅንን ይከላከላል የተባለው ቤታ ካሮቲን የሳንባ ነቀርሳን እንደ መቀነስ 18 በመቶ እንዳበዛው አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ያ ክኒን ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ እርጎ ነው፣ እርጎ ማንን ይጎዳል የሚል ስሜት በሐኪሞችም ዘንድ ነበረ።

ይህ ስሜት የተፈተነው በቆሽት በሽታ ነው። ብርቱ የቆሽት መቆጣት የያዘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቢተርፍ እንኳ፣ ከዚያ በኋላ የሞተው የቆሽት ሥጋ በባክቴሪያ ተመርዞ ሊገድለው ይችላል። ባክቴሪያዎቹ የሚመጡት ከገዛ አንጀቱ ነው፤ ደም ያነሰው፣ በኦክሲጅን ራዲካሎች የተጎዳው የአንጀት ገበር አጥሩ ፈርሶ ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ ገበሩን የሚጠብቅ ነገር ቢገኝ ብዙ ነፍስ ይድናል ተብሎ ታሰበ። በ2002 በሃንጋሪ የታተመ አነስተኛ ሙከራ ተስፋውን አጠነከረው። ከ45 ሕሙማን ሕያው ፕላንታረም ከተሰጣቸው 22 ሰዎች ቆሽቱ የተመረዘው አንድ ብቻ ሲሆን፣ በሙቀት የተገደለው ባክቴሪያ ከተሰጣቸው 23 ሰዎች ግን ሰባቱ ተመርዘው ነበር። የማንጋኒዙ ባለቤት ከቡሆ ዕቃና ከዱክ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሕሙም አልጋ ደረሰ።

ደቾች ነገሩን በሰፊው ለማረጋገጥ ተነሡ። ከ2004 እስከ 2007 በኔዘርላንድ በሚገኙ 15 ሆስፒታሎች 298 ሕሙማን ተመዘገቡ። እኩሌቶቹ የስድስት ዝርያዎች ድብልቅ፣ እኩሌቶቹ ባክቴሪያ የሌለበት ተመሳሳይ ዱቄት፣ በአፍንጫ ገብቶ ቀጭን አንጀት በሚደርስ ቱቦ ከምግባቸው ጋር ይሰጣቸው ጀመር። የትኛው ለማን እንደ ተሰጠ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያውቁም ነበር። ውጤቱ በ2008 ላንሴት በተባለው መጽሔት ሲወጣ ያነበቡት ሁሉ ደነገጡ። በምርዘት በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ 30 በመቶና 28 በመቶ ነበር። ሞት ግን ተለያየ። ባክቴሪያው ከተሰጣቸው 152 ሰዎች 24ቱ፣ ካልተሰጣቸው 144 ሰዎች 9ኙ ሞተዋል። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ቁጥር ነበር። ባክቴሪያውን ከወሰዱት መካከል ዘጠኙ ደም ባለመድረሱ አንጀታቸው የሞተባቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም ስምንቱ ሞተዋል፤ በሌላው ወገን እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት አንድም ሰው አልነበረም።

የጉዳቱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ ብዙ ተጽፏል። ሙከራውን ያካሄዱት ሐኪሞች፣ ደም ባነሰው አንጀት ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ሕያው ባክቴሪያ መጨመር የገበሩን የኦክሲጅን ፍላጎት አብዝቶት ወይም በቦታው መቆጣትን አነሣሥቶ ይሆናል አሉ። ሌሎች ደግሞ በቱቦው ከሚገባው ምግብ ባክቴሪያዎቹ በሠሩት ላክቲክ አሲድ አሳበቡ። ከዚያው ሙከራ በ2009 በተጨማሪ የወጣ ጥናት፣ የአካል ክፍሎቻቸው ሥራ ባቆሙባቸው ሕሙማን ዘንድ ባክቴሪያው የአንጀት ሕዋሳት መጎዳትን የሚያመለክተውን ፕሮቲን በሽንት ውስጥ እንዳበዛው አሳየ። በአገሪቱም የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሙከራውን አካሄድ መርምረው ብርቱ ትችት ያለበት ዘገባ አወጡ። ብርቱ የቆሽት መቆጣት ለያዘው ሰው ፕሮባዮቲክ መስጠት ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ወደ ኋላ ተመልሶ መፍረድ ቀላል መሆኑ የታወቀ ነው። ሙከራውን ያደረጉት ሰዎች ያደረጉት በግምት ከመሥራት ይልቅ በቁጥር ለማወቅ ነበር፤ እነሱ ባይቆጥሩ ኖሮ፣ በየሆስፒታሉ እርጎ ማንን ይጎዳል እየተባለ ሲሰጥ ይኖርና የሞቱትም ሰዎች በበሽታው እንደ ሞቱ ይታሰብ ነበር። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ በ2008 እና በ2009 የኡትሬኽት ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ፕሮባዮቲክ ድብልቅ ቆሽታቸው ለተቆጣ አይጦች ሰጥተው የደረሱበትን ውጤት አሳተሙ። በአይጦቹ ገበር ውስጥ ግሉታታዮን በዛ፣ የኦክሲጅን ጉዳት ቀነሰ፣ አጥሩም ሳይፈርስ ቆየ። ያ መልካም ዜና የታተመው ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው።

አይጡና ሰውየው ስለ ምን ተለያዩ? ለዚህ አንዱ ፍንጭ የመጣው ከአትላንታ፣ ከኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድሩ ኒሽ፣ ራይናልት ጆንስና ባልደረቦቻቸው በ2013 እና በ2015 ባወጧቸው ጥናቶች ነገሩን በሌላ መልክ አቀረቡት። በሆምጣጤ ዝንብ አንጀት ፕላንታረም ሲኖር፣ በአይጥም አንጀት የእሱ ዘመድ የሆነ ላክቶባሲለስ ሲሰጥ፣ የገበሩ ሕዋሳት በገዛ ኢንዛይማቸው ጥቂት ሱፐርኦክሳይድና ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ። ይህ ጥቂት መርዝ ኤን አር ኤፍ 2 የተባለውን የሕዋሱን ማንቂያ ፕሮቲን ያስነሣል፤ እሱም ግሉታታዮንንና ሌሎች ተከላካዮችን የሚያሠሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ብርቱ ጥቃት የተዘጋጀ ሕዋስ ያገኛል። ባክቴሪያው ጠላትን በራሱ ክንድ አላጠፋም፤ ቤቱን በጥቂት ጭስ አነቃው እንጂ። መቸኒኮፍ በጽጌረዳ እሾህ ያዩት በላዔ ሕዋስ የሚተኩሰው ኦክሲጅን እዚህ ላይ ጠላት ብቻ አለመሆኑ ይታያል። ይህንም የሚያጠነክር ከብዙ ዓመት ጀምሮ የታወቀ የሕክምና እውነት አለ፤ በተፈጥሮ ሱፐርኦክሳይድ ማመንጨት የማይችሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይዘው የሚወለዱ ልጆች በተደጋጋሚ ምርዘት ከመሠቃየታቸው ሌላ፣ ብዙዎቹ አንጀታቸው ይቆጣል።

ማንቂያ ደግሞ ጊዜ ይሻል። በ2020 የአሜሪካ የሆድና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ ፕሮባዮቲክን ለጥቂት የተወሰኑ ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የአንጀት መሞት መከላከያ እንዲሆኑ የተወሰኑ ዝርያዎችን ሲደግፍ፣ ለክሮንስ በሽታና ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ግን ከሙከራ ውጭ እንዳይሰጥ መክሯል። በኡትሬኽት የነበሩት አይጦች ባክቴሪያውን የወሰዱት ቆሽታቸው ከመቆጣቱ ከቀናት በፊት ነበር። በ15ቱ ሆስፒታሎች የተኙት ሰዎች ግን የተሰጣቸው ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ነው።